አንድ ክንድ ከመሬት

የቋራው የገለጉ መሬት ሁለት ጠባይ አለው። በክረምት ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጫማ ይነጥቃል፣ ትራክተር ይዞ ያስቀራል። በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሰው ክንድ ያስገባል። ጊንጡም እባቡም ውሎው እዚያ ውስጥ ነው። ምስጡ ደግሞ ከሥር ሆኖ እንጨት የተባለውን ሁሉ ይበላል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የሚኖር ሰው ስለ ክብር ሳያስብ በፊት ስለ ከፍታ ማሰቡ አይቀርም። ጎተራውን በድንጋይና በባላ ላይ ያቆማል። ማሽላው ሲያሽት ማማ ሠርቶ ይወጣና በወንጭፍ ግሪሳ ያባርራል። የሚተኛውም አልጋ ላይ ነው፤ ያውም ሙቀቱ ሲብስ ደጅ ወጥቶ በተዘረጋ አልጋ።

የምተርከው የዚያን አልጋና የዘመዶቹን ታሪክ ነው፤ የድንጋይ መንበሩን፣ ባለ ደረጃ መድረኩን፣ ቃሬዛውንና ዙፋኑን። ሁሉም ከመሬት ብዙ አይርቁም። አንድ ክንድ፣ ቢበዛ የሰው ቁመት ነው። ነገር ግን በዚህች ጥቂት ቁመት ላይ ሰው ነግሦባታል፣ ተፈርዶባታል፣ ወደ መቃብርም ተሸኝቶባታል፤ ከታሪኩም ጥቂት የማይባለው የተፈጸመው በዚሁ በመተማና በቋራ ቆላ፣ ወይም በዚሁ ቆላ አልፈው በሄዱ ሰዎች እጅ ነው።

ታሪኩን ከቁልቁለቱ ጫፍ እንጀምረው። የገለጉ ወንዝ ወደ ድንድር ይገባል፤ ድንድርም ወደ ዓባይ። የመተማው ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባልና ናይልን ይቀላቀላል። ውሃውን ተከትሎ እስከ ዶንጎላ ሰሜን የዘለቀ ሰው ከርማን ያገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 እስከ 1500 ገደማ እዚህ ላይ ትልቅ መንግሥት ነበረ። ከጭቃ ጡብ የተሠራው ግንቡ፣ ሱዳኖች ደፉፋ የሚሉት፣ ዛሬም 18 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። አሜሪካዊው ጆርጅ ራይዝነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 መቃብሮቹን ሲቆፍር ሙታኑን ያገኛቸው እንደ ተኛ ሰው ጎናቸውን ሰጥተው፣ በእንጨት አልጋ ላይ ነው። የአልጋው እግር በበሬ እግር አምሳል ተጠርቧል፤ በግርጌው ሰሌዳም በዝሆን ጥርስ የተቀረጹ አራዊት ተለብጠዋል። ከሞት በኋላም ቢሆን ከርማዎች ሰዎቻቸውን ባዶ መሬት ላይ ማጋደም አልወደዱም ማለት ነው።

ልማዱ ከመንግሥቱ ጋር አልጠፋም። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን፣ የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ግብፅን ድል አድርጎ ገዛ። ሲሞት ኤል ኩሩ በተባለው ቦታ እንደ ፈርዖኖቹ ፒራሚድ ተሠራለት። ከፒራሚዱ ሥር ባለው ክፍል ግን ከአለቱ ያልተነቀለ አንድ መደብ ቀርቷል፤ አራቱ ማዕዘኖቹ ተቦርቡረዋል። ቦታው የአልጋ እግር ማስገቢያ ነው። ፒዬ መቃብሩን ከግብፅ ወሰደ፤ አልጋውን ግን ከአባቶቹ ይዞ ገባ።

በዚያው ዘመን ግድም በደጋው ሌላ ዓይነት ከፍታ ይታነፅ ነበር። የየሐ ቤተ መቅደስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የተሠራው፣ ዛሬም ግድግዳው ከነግርማው የቆመው፣ መሠረቱ እንደ ደረጃ እየጠበበ የሚወጣ የጥርብ ድንጋይ መደብ ነው። አክሱም አጠገብ ሐውልቲ ከተባለው ኮረብታ ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዋልያ የተቀረጸበት የኖራ ድንጋይ መንበር ተቆፍሮ ወጣ። ዙፋን ይሁን የጣዖት ማኖሪያ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ለእኛ ክርክሩ ራሱ ይበቃል፤ አምላክ የሚቀመጥበትና ንጉሥ የሚቀመጥበት ነገር መልኩ አንድ ከመሆኑ የተነሣ መለየት ያቃታል።

አክሱም ላይ ነገሩ በድንጋይ ጠነከረ። ከጽዮን ማርያም ቅጥር አጠገብ ተደርድረው የሚታዩት መንበሮች አሠራራቸው ቀላል ነው። ከግዙፍ ድንጋይ የተጠረበ መሠረት አለ፤ ከመሐሉ ለመቀመጫው ከፍ ያለ ቦታ ተትቷል፤ ዙሪያውን ደግሞ የጎንና የጀርባ ሰሌዳዎች የሚቆሙበት መስመር ተቦርቡሯል። ሰሌዳዎቹ አሁን የሉም። በነበሩበት ጊዜ የነገሥታቱ የድል ጽሑፍ የሚቀረጸው እነሱ ላይ ነበር፤ መንበሩ ወንበርም መጽሐፍም ነበረ ማለት ነው።

ከእነዚያ ጽሑፎች አንዱ ወደ እኛ ቆላ ይመራናል። በ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ተከዜን ተሻግሮ በኖባ ሕዝብ ላይ ዘመተ። ዘመቻውን ራሱ በድንጋይ አስጽፎ አስቀምጦታል። የግንብ ከተሞችንና የሣር ከተሞችን ለይቶ ይቆጥራል፣ የተማረከውንና የሞተውን ይዘረዝራል፣ ውሃ የበላውንም አይረሳም። ሲጨርስ ሲዳና ተከዜ በሚገናኙበት ቦታ ዙፋን እንዳቆመ ይናገራል። ሲዳ ናይል ነው፤ ተከዜ ደግሞ አትባራ። ስለዚህ የጓንግ ውሃ ከመተማ ሲነሣ መጨረሻው ዒዛና ዙፋኑን የተከለበት መገናኛ ነው። ጽሑፉ ዙፋኑን ነቅሎ የሚያፈርስን ሰው ከነዘሩ ይረግማል። ንጉሡ ሊቀመጥበት እንዳልሠራው ግልጽ ነው፤ ወዲያው ወደ አክሱም ተመልሷል። የተወው ባዶ ወንበር ነው። በሌለበት አገር ላይ የሚቀመጥለት ነገር ነው የተከለው።

ባዶ ወንበር ምን ያህል ሊያስፈራ እንደሚችል ያየ ሰው አለ። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ደረሰ። አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ሊዘምት የሚዘጋጅበት ጊዜ ነበርና በከተማው መግቢያ የቆመውን ዙፋን የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ እንዲያመጣ የአዱሊስ ገዥ አዘዘው። ኮስማስ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ዙፋኑንም አየው። ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ፣ አራት ማዕዘን መሠረት ያለው፣ በአራት ቀጫጭን ዓምዶችና ከመሐል በቆመ ጠምዛዛ አምስተኛ ዓምድ የተደገፈ ነበር። ማንም አይቀመጥበትም። ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ግን እሱ ባየበት ዘመን ጭምር ከዙፋኑ ፊት ይገደሉ ነበር።

ላሊበላ ላይ ነገሩ ተገላበጠ። ሕንፃውን ወደ ላይ በማንሣት ፈንታ መሬቱን ወደ ታች ቆፈሩት። ያም ሆኖ መደቡን አልተዉትም፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከጉድጓዱ ወለል ሳይቀር በሦስት እርከን ላይ ከፍ ብሎ ነው የተፈለፈለው። በገና ዕለት ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው አለት ጫፍ ላይ ተሰልፈው ከታች ካሉት ጋር ቤዛ ኩሉን ሲቀባበሉ፣ የላዮቹ መላእክት፣ የታቾቹ ኖሎት ናቸው። ጉድጓድ ቆፍሮ ሰማይን ማሳየት የቻለ አናጺ ከዚህ በኋላ አልመጣም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የአክሱም መንበሮች ሰሌዳቸው ቢወድቅም ሥራ አልፈቱም። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለሥርዓተ ንግሡ አክሱም ድረስ ሄዶ በድንጋዩ መንበር ላይ ተቀመጠ። ነገሥታቱ የሚኖሩት በድንኳን ነውና ከዚያ ቀን ውጭ ድንጋዩ አያስፈልጋቸውም። ሲዘዋወሩ የሚከተላቸው የእንጨቱ ከፍታ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1513 ዓ.ም. አፄ ልብነ ድንግልን ለማየት ብዙ ከተመላለሰና መጋረጃ ከመጋረጃ ካሳለፉት በኋላ በመጨረሻ ያየው በስድስት ደረጃ ከፍ ባለ፣ እጅግ ባጌጠ መድረክ ላይ ተቀምጦ ነው። በራሱ ላይ የወርቅና የብር ዘውድ፣ በእጁ የብር መስቀል ነበር። ከፊቱ ሰማያዊ ሐር ይዘዋል፤ አንዴ ዝቅ ያደርጉትና ፊቱ ይታያል፣ ወዲያው ከፍ ያደርጉትና እስከ ዓይኑ ይሸፈናል። ንጉሡ ገና 23 ዓመት ገደማው ነው። ስድስቱ ደረጃ ለብቻው ያን ያህል አይገርምም፤ መጋረጃው ሲጨመርበት ግን ወጣቱ ንጉሥ እንደ ታቦት ሆነ።

ከጎንደር መቆርቆር በኋላ ቤተ መንግሥቱ በድንጋይ ተተከለ፤ መቀመጫው ግን አልጋ ሆኖ ቀረ። በ1691 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ከስናር ተነሥቶ ይህንኑ ቆላ አቋርጦ በሐምሌ ጎንደር ገባ። ታላቁ ኢያሱ ታመው ኖሮ ሐኪም አስልከው ነበር። ፖንሴ ሲገባ ንጉሡን ያገኛቸው በአዳራሹ ጥግ፣ በወርቅና በሰማያዊ ቀለም በሚያበራ ጉልላት ሥር፣ እግሮቹ ከጥሩ ብር በተሠሩ ዙፋን ላይ ነው። ከከርማ የበሬ እግር እስከ ጎንደር የብር እግር ሦስት ሺህ ዓመት አልፏል። ባለሙያው አሁንም የሚጨነቀው ለእግሩ ነው፤ ለምን ቢባል ከታች ለተቀመጠ ሰው በዓይኑ ፊት ያለው እግሩ ነውና።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. በተቃራኒው አቅጣጫ ወረደ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የራስ ፊልን፣ ማለትም የመተማን አካባቢ፣ ሹመት ሰጥተውት ነበር። ሹመቱ ከድንበሩ ማዶ አልጠቀመውም። ከአትባራ ማዶ ቲያዋ ላይ የአገሩ ሼክ አልጋ በመሰለ ሰፊ ድንክ ላይ፣ በሁለት ጎን በተሰበሰበ የህንድ መጋረጃ መካከል ተቀምጦ ተቀበለውና ወርቅ አምጣ አለው። ብሩስም ከልብሱ ሥር ጠመንጃ አውጥቶ ተረፈ።

ከዚያ ወዲያ የመሳፍንት ዘመን ጎንደር ላይ ንጉሥ እያስቀመጠና እያስነሣ ሲኖር፣ ቋራ አንድ ሰው አበቀለች። ካሳ ኃይሉ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ በመድፍ ተመታ። በየካቲት 1847 ደራስጌ ማርያም ላይ፣ ተቀናቃኛቸው ደጃዝማች ውቤ ለገዛ ንግሣቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ለወንበር ብዙም ግድ የነበራቸው ሰው አይመስሉኝም። ኑሯቸው ድንኳን፣ ልብሳቸው እንደ ወታደሩ ነበር። እሳቸው የፈለጉት ከፍታ ሌላ ነው፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እየጎተቱ መቅደላ አምባ ላይ አወጡት። በ1860 ዓ.ም. በዚያው አምባ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

እሳቸው በነገሡበት ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ሳሙኤል ቤከር ከሚስቱ ጋር የአትባራን ገባሮች ይዞራል። በሰኔ 1853 ከደረቀው ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ ሌሊት ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዓረቦቹ ግን ወንዙ መጣ እያሉ ጮኹ፤ በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ተነሥተው ሮጡ። ሲነጋ ትናንት በእግር የተሄደበት አሸዋ ሰፊ ወንዝ ሆኗል። ውሃው በእነ ጓንግና በእነ ተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ተራሮች የመጣ ነው። ቤከር ከዚህ ተነሥቶ የናይልን ሙላት ምንጭ አስረዳ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን መሬት ላይ የመተኛት ነገር በዚህ አገር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ነው።

ቤከር ከነሚስቱ የሚያድረው ሱዳኖች አንገረብ በሚሉት አልጋ ላይ ነበር። እኛ የጠፍር አልጋ የምንለው ወንድሙ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ከጠፍር ሌላ በዘንባባ ገመድም ይጠልፉታል። አሠራሩን ቆሞ ላየ ሰው ያስቀናል። አራት እግር፣ አራት ወራጅ፣ ሚስማር የለም። እርጥቡ የበሬ ቆዳ ከዳር ጀምሮ እየተዞረ ይተለተልና አንድ ረጅም ጠፍር ይሆናል። ጠፍሩ እርጥብ እንዳለ በወራጁ ላይ እየተጠመጠመ ወዲህና ወዲያ ይጠለፋል። ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል፤ ሲኮማተር አራቱን እግር ጨምድዶ ያስራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይናገራል። ነፋስ ከታች ያልፍበታል። ምስጥ እንዳይወጣበት እግሩን ቆርቆሮ ወይም ድንጋይ ላይ ማቆም ይበቃል። ቤከር ወንዝ ሞልቶ ሲከለክለው አንገረቡን ከተነፉ ቆዳዎች ጋር አስሮ ታንኳ አደረገውና ዕቃውን አሻገረበት። በሚያዝያ 1854 መተማ ሲደርስ ገበያው ጥጥ፣ ቡና፣ ማር፣ ሰምና ቆዳ፣ ከዚያም አልፎ ባሪያ የሚሸጥበት ነበር። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከከሰላ መጥቶ የቴዎድሮስን ፈቃድ ሲጠብቅ የሰነበተውም እዚሁ ነው። ነዋሪዎቹ ተክሩሮች ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ መሐል ደረስን። በጥር 1864 አፄ ዮሐንስ አራተኛ እንደ ጥንቱ አክሱም ጽዮን ላይ ነገሡ። የዒዛናን መንበሮች በደጃፏ ባሰለፈችው ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። በማዶ በኩል መሐዲ የተባለው ሰው ግብፅን ከሱዳን አስወጣ፤ እሱ ሲሞት ኸሊፋ አብዱላሂ ኦምዱርማን ላይ ተቀመጠ። እንዴት እንደሚቀመጥ ከኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲን እናውቃለን። ስላቲን ከአሥር ዓመት በላይ ምርኮኛ ሆኖ በደጁ አገልግሎ በ1887 ዓ.ም. አምልጧል። በኸሊፋው እልፍኝ ውስጥ አንድ አንገረብ አለ፤ የዘንባባ ሰሌን ተነጥፎበታል፣ ከላይ የበግ አጎዛ አለ። ኸሊፋው እሱ ላይ ይወጣል። የገባው ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቆማል፤ ሲፈቀድለት ዓይኑን ሰብሮ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ጌጥ የለም።

ልብ በሉ፤ አንገረቡ ማንኛውም ገበሬ ቤት ያለ አንገረብ ነው። የብር እግር የለው፣ ስድስት ደረጃ የለው። ሰውን የሚያስፈራው ሌላው እንዳይቀመጥበት መከልከሉ ነው። በዚህ ረገድ የኦምዱርማኑ ሰውና የጎንደር ነገሥታት በደንብ ይግባባሉ። ከፍታው የሚለካው ከወለል በሚበልጥበት ጣት ብዛት ሳይሆን ከታች በሚቀመጠው ሕዝብ ብዛት ነው።

በጥር 1880 የኸሊፋው ጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ ዓንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። በዓመቱ አቡ ዓንጃ መተማ ላይ ታሞ ሞተና ዘኪ ቱማል ተተካ። ዘኪ ከተማውን በእሾህ አጥር፣ በዘሪባ፣ ከበበና ጠበቀ። አፄ ዮሐንስ ከነሠራዊታቸው ደርሰው መጋቢት 1 ቀን 1881 ውጊያ ገጠሙ። ኢትዮጵያውያኑ ዘሪባውን ጥሰው ገቡ፤ ድሉም የእነሱ ይመስል ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ወደ ፊት ወጥተው ሲያዋጉ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ንጉሡ ራስ መንገሻን ወራሻቸው አድርገው ተናዝዘው በማግሥቱ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ አስከሬኑ በሣጥን ሆኖ በሰው ትከሻ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። ተሸካሚዎቹና አጀቡ ጥቂት ነበሩ። አትባራ ዳር ላይ የዘኪ ፈረሰኞች ደረሱባቸው። የንጉሡ አጎት ራስ አርአያ ድምፁ ከአስከሬኑ ጋር ቀርተው ጥይታቸው እስኪያልቅ ተኮሱ፤ ከዚያም በጎራዴና በጋሻ ተዋግተው ሞቱ። ሣጥኑ ተከፈተ። አክሱም ላይ ዘውድ የጫነው ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ድረስ ተወሰደና ለሕዝብ ታየ። ትከሻ ላይ የነበረውን ሰው መሬት ላይ ማውረድ፣ ከዚያም ራሱን መልሶ በአደባባይ ከፍ ማድረግ፤ የኸሊፋው ሰዎች፣ ድርቡሾቹ፣ የከፍታን ቋንቋ ከማንም አላነሰ ያውቁት ነበር።

ከዮሐንስ በኋላ የነገሡት አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ አዳራሻቸው ግብር ያበሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ከመኳንንቱ ጋር ይቀመጣሉ፤ የእሳቸው ማዕድ ካበቃ በኋላ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በየተራው ይገባል። የልብነ ድንግል ሰማያዊ ሐር እዚህ ደርሷል።

የኦምዱርማኑ አንገረብ መጨረሻ ግን ከዚህ ይለያል። በኅዳር 1892 የሬጂናልድ ዊንጌት ጦር ኡም ድወይከራት ላይ በንጋት ኸሊፋውን ደረሰበት። ጦሩ ሲፈታ ኸሊፋው ከፈረሱ ወረደ፣ የበግ አጎዛውን መሬት ላይ አስነጠፈና ተቀመጠበት። አሚሮቹ በቀኝና በግራው ተቀመጡ። ጥይቱ እዚያው አገኛቸው፤ አስከሬናቸውም በዚያው አኳኋን ተገኘ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሌላውን ሁሉ ወለል ላይ አስቀምጦ የኖረ ሰው ሊሞት ሲል ከሰዎቹ እኩል ወረደ። ጠላቶቹ ሳይቀሩ አክብረው ቀበሩት።

በግንቦት 1894 ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት ውል ድንበሩ ተወሰነና በጋ የሚደርቅ አንድ ትንሽ ጅረት መተማን ከጋላባት ለየ። ጋላባት ላይ ምሽግ ቆመ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብሪጋዴር ዊልያም ስሊም በ10ኛው የህንድ ብርጌድ ምሽጉን ከጣሊያን አስለቀቀ፤ ጅረቱን ተሻግሮ መተማን መያዝ ግን አልቻለም። ታንኮቹ በድንጋዩ ተሰባበሩ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖችም ከላይ ደበደቡትና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከፍታ የሚባለው ነገር ከዚህ በኋላ የአየር ኃይል ጉዳይ ሆነ።

ጥር 12 ቀን 1933 ተሰደው የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመተማ ደቡብ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በዓለም እንግዶች ፊት ሲነግሡ የነበረው ዙፋን፣ ድንኳንና ሠረገላ እዚህ የለም። ከመሬት ከፍ ያለው ነገር የባንዲራው እንጨት ብቻ ነው። አብሯቸው የነበረው ኦርድ ዊንጌት የዚያ የኸሊፋው ድል አድራጊ ዊንጌት የሥጋ ዘመድ ነው፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ የቤተሰብ ጨዋታ ይሆናል። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ የሚወስደው መንገድ ቀርከሃና እሾህ ነበረ። ግመሎቹ በየመንገዱ ወደቁ። ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ገብተው ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ፤ በ1967 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ ወረዱ፣ መንበሩም ከእሳቸው ወዲያ የሚቀመጥበት አላገኘም።

ቆላው ግን ከፍታውን አልተወም፤ ሰው እየጨመረ ሄደ እንጂ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ ከደጋ ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ወደ ቋራ አመጣ። ደገኛው በአገሩ የሚያውቀው መደብ ነው፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ ከጭቃ የሚሠራ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ማታ ቁርበት ተነጥፎ የሚተኛበት። ብርድ ያስታግሳል። ቆላ ላይ ያው መደብ ሙቀት ያቅፋል፣ ምስጥም ቤት ይሠራበታል። ስለዚህ አልጋ ተገዛ። የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ተከለለ፤ ከፓርኩ ውጭ ያለው ሜዳ ሰሊጥና ማሽላ ሆነ፤ በ2010 ዓ.ም. የምዕራብ ጎንደር ዞን ሲመሠረት ገንዳ ውሃ ዋና ከተማው ሆነች። ሆቴል ቤቶቹ ሙቀት ሲብስ አልጋውን ግቢ ያወጡታል፤ እንግዳው ከዋክብት እያየ ያድራል። ታሞ መኪና የማይገባበት ሰፈር የቀረ ሰው ዛሬም በቃሬዛ ነው የሚወጣው፤ አራት ሰው ተሸክሞ፣ ሌላ አራት ለቅብብሎሽ እየተከተለ።

በዚህ ሁሉ መካከል አልጋ የማይደርሰው አንድ ሰው አለ። ሰሊጥ ሲደርስ በየዓመቱ ከደጋ በብዛት የሚወርደው ቀን ሠራተኛ ነው። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ከዘገየ ይፈነዳና ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው ቀን ሲያጭድ፣ ነዶ ሲያስርና ሂላ፣ ማለትም የነዶ ክምር፣ ሲያቆም ይውላል፤ ማታ እርሻው ዳር፣ ከግራር ሥር፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ይጋደማል። ለአልጋ የሚከፍለው ገንዘብ ወደ አገሩ ይዞት የሚመለሰው ነው። ዋልካው በተሰነጠቀበት ስንጥቅ ውስጥ ግን አንዲት ከቢምቢ ያነሰች፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ትራባለች፤ በሌሊት ወጥታ የተኛውን ትነክሳለች። የምታስተላልፈው በሽታ ካላ አዛር ነው። ምልክቱ ከወራት በኋላ፣ ልጁ ደጋ ገብቶ ቆላውን ከረሳ በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። የመተማን አዝመራ የጨረሰ ወጣት ጎንደር ሆስፒታል ወይም ገንዳ ውሃ ላይ ሲገኝ የሚጀመርለት ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ ነው። መርፌው በየቀኑ ሲወጋ 17 ቀን ይፈጃል፤ በእነዚያ ቀናት የአልጋ ሒሳብ ሊቆጥብ መሬት ላይ ያደረው ልጅ አልጋ ይዞ ይከርማል።